ውሃ ያልነካው በርበን፦ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ዓመቱና ስለ ማንኪያ ውሃው

(በዋሽንግተን ከተማ በመጠጥ ሱቅና በቡና ቤት ለሚሠሩ ወገኖች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከሥራ ሳታርፉ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሱቃችሁን ለልጅ ወይም ለባልደረባ አደራ ብላችሁ የመጣችሁም አላችሁ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ፊታችሁ ያሉትን ብርጭቆዎች ለጊዜው አትንኳቸው። የተቀዱት ሆን ተብሎ አስቀድመው ነው፤ ትንሽ አየር ያግኙ። መጨረሻ ላይ አብረን እንመለስባቸዋለን።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት መጠጥ ብቻ ነው። ብዙ ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ፣ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥም ውሃ ሳይጨመርበት ስለሚታሸግ በርበን። ሱቅ ውስጥ «ባሬል ፕሩፍ» ወይም «ካስክ ስትሬንግዝ» የምንለው ማለቴ ነው። ሁላችንም ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አለን። ሁላችንም እንሸጠዋለን። ግን ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ለምን እንዲህ ተወደደ? ለምንስ እንዲህ በረታ?» ሲለን ስንቶቻችን ነን መልስ የምንሰጠው? እኔ ለብዙ ዓመት «ጥሩ ስለሆነ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ያ መልስ አይደለም። ለምንሸጠው ዕቃ ባዕድ ሆነን መኖር የለብንም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ውሃው። በመሀል ስለ እናቴም አነሳለሁ፤ ይህን ሁሉ ያስጀመረችኝ እሷ ነችና።

እናቴ ደብረ ብርሃን አረቄ ታወጣ ነበር። ያደግሁት በዚያ ጭስ ውስጥ ነው። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ቂጣው ተደፍድፎ ሰንብቶ ማሰሮው ምድጃ ላይ ሲወጣ፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ሲል፣ አጠገቧ ተቀምጬ ጠብታውን እቆጥር ነበር። ጥንካሬውን የምታውቀው በእሳት ነው። ጣቷን ነክራ ወደ ምድጃው ትረጫለች፤ ቦግ ካለ «ይሄ አረቄ ነው» ትላለች፤ ጭስስ ብሎ ከቀረ «አሁንስ ውሃ ሆነ» ብላ ዕቃውን ታነሳዋለች። ስለዚህ ኬንታኪ ሄጄ የመዳብ ማማ የሚያህል ማንጠሪያ ሲያሳዩኝ ሥራው እንግዳ አልሆነብኝም። ዕቃው ይገዝፋል እንጂ ያው እናቴ የምታደርገው ነው። እንግዳ የሆነብኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የእናቴ አረቄ ሳምንት አይቆይም፤ ይሸጣል። እነሱ ግን አውጥተው ይቆልፉበታል። 12 ዓመት! 15 ዓመት!

እንግዲህ በርበን ማለት ምን ማለት ነው? የአሜሪካ ሕግ በግልጽ አስቀምጦታል። ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶው በቆሎ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ይሠራ። ሲነጠር ከ160 ፕሩፍ አይለፍ። ፕሩፍ ማለት የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ነው፤ 160 ፕሩፍ 80 ከመቶ ነው። ወደ በርሜል ሲገባ ከ125 ፕሩፍ አይብለጥ። ቀለም አይጨመርበት፣ ማጣፈጫ አይጨመርበት። በርሜሉ ደግሞ አዲስ የኦክ እንጨት፣ ውስጡም በእሳት የከሰለ ይሁን። ብዙ ሰው ኬንታኪ ካልተሠራ በርበን አይደለም ይላል፤ ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሁን እንጂ የትኛውም ግዛት ይቻላል። ኮንግረሱ በ1964 የአሜሪካ መለያ መጠጥ ነው ብሎ ሲያውጅም ያለው ይህንኑ ነው።

ወደ እንጨቱ ልግባ።

እናቶቻችን ጠላ ሊጠምቁ ሲሉ ምን ያደርጋሉ? ጋኑን በግራዋ እያሹ ያጥባሉ። ከዚያስ? ወይራውን አጭሰው ጋኑን አፉን ደፍተው ያጥኑታል። ያ ጭስ ሸክላው ውስጥ ይገባል፤ ከሸክላው ወደ ጠላው ይገባል፤ ባልታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ ማንም አይወደውም። አያችሁ? ዕቃው ራሱ ቅመም ነው። ጋን ሲታጠን ያየ ሰው በርበንን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

በርሜሉ የሚሠራው ከነጭ ኦክ ነው። ሙጫ የለበትም፣ ሳንቃውን የሚያያይዝ ምስማር የለበትም፤ ተጠርቦ፣ በእንፋሎትና በሙቀት ለዝቦ፣ በብረት ቀለበት ተጠርንፎ ይቆማል። ወደ 200 ሊትር ይይዛል። ከዚያ ውስጡ እሳት ይለቀቅበታል። ፊት ለፊት ቆሜ አይቻለሁ፤ ነበልባሉ በበርሜሉ አፍ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል። ጊዜው ግን አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ወዲያው ውሃ ይረጭበታል። ሲበርድ ውስጡን በእጄ ዳሰስኩት። ከሰሉ ተሰነጣጥቆ ልክ እንደ አዞ ቆዳ ሆኗል፤ እነሱም በጣም የከሰለውን በአዞ ስም ነው የሚጠሩት። ጥቁሩን በጥፍሬ ፈቅፈቅ ሳደርገው ከስሩ ቀይ ቡናማ እንጨት ወጣ፤ እሳቱ ያልበላው ግን ያበሰለው።

ጣዕሙ ያለው እዚያ ቀይ ላይ ነው። የእንጨቱ ስኳር በሙቀቱ ተቃጥሎ ካራሜል ሆኗል። እንጨቱን አንድ ላይ የሚያጣብቀው ሊግኒን የሚባለው ነገር ሲፈርስ ቫኒላ ይሰጣል። ከሰሉ ደግሞ አዲሱ መጠጥ ላይ ያለውን የሚከረክር ሽታ ይይዝለታል። በበጋ ሙቀቱ ሲያይል መጠጡ ያብጥና ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ በክረምት ሲበርድ ይሸበሸብና ቀለምና ጣዕም ይዞ ይመለሳል። ይገባል፣ ይወጣል። በየዓመቱ ይገባል፣ ይወጣል። ሲገባ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነበር፤ ያ የምታዩት ጥቁር ቀይ ቀለም ሁሉ የመጣው ከእንጨት ነው። አንድ ጠብታ ቀለም አልተጨመረበትም።

ለበርበን በርሜሉ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሕጉ አዲስ ይሁን ይላልና። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል፣ ወደ ሜክሲኮ ለተኪላ ይሄዳል። ጎን ለጎን የምንደረድረው የስኮች ጠርሙስ አብዛኛው ያደገው በርበን በለቀቀው በርሜል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ዓመቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ኬንታኪ፣ ባርድስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የገባሁት በሐምሌ ነበር። መጋዘን ስላችሁ ቤት አይምሰላችሁ፤ ብዙ ፎቅ ያለው፣ አጥንቱ እንጨት፣ ልብሱ ቆርቆሮ የሆነ፣ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም የሌለው፣ በሺህ የሚቆጠር በርሜል የተጋደመበት ነው። ከውጭ ግድግዳውም ዛፉም ጠቁሯል። ቃጠሎ የነካው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከበርሜሎቹ የሚተነውን አልኮል እየተመገበ የሚያድግ ሻጋታ ነው። ምድር ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበት የሚሸት ነው። ደረጃውን ስንወጣ አየሩ እየከበደ፣ እየሞቀ መጣ። ላይኛው ፎቅ ስንደርስ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርድ ነበር። ሽታው ግን! የበሰለ ሙዝ፣ ቫኒላ፣ ትኩስ የተፈለጠ እንጨት። ያስጎበኘን ሽማግሌ አንዱን በርሜል በጣቱ አንኳኳ። «ስሙ» አለን። ታችኛው ክፍሉ ድም ድም ይላል፤ ከመሀል በላይ ሲያንኳኳው እንደ ባዶ ከበሮ ጮኸ። አልተነካም፣ አልተቀዳም፤ ግን ጎድሏል።

ወዴት ሄደ? በእንጨቱ አልፎ ተነነ። እነሱ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ኬንታኪ ውስጥ በዓመት ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል ይሄዳል። እስቲ 4 ብለን እናስላው። 200 ሊትር የገባበት በርሜል በ12ኛው ዓመት ወደ 122 ሊትር ይወርዳል፤ በ18ኛው ዓመት ከግማሽ በታች ይሆናል። እንጨቱ ራሱ የጠጣውን ሳንቆጥር ነው። ስለዚህ 12 ዓመት የሚል ጠርሙስ ስትሸጡ የምትሸጡት የቀረውን ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለጠፋውም ጭምር ነው። ውሃ ያልተጨመረበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። 65 ከመቶ የሆነ 100 ሊትር ውስኪ በውሃ ወደ 40 ከመቶ ቢወርድ 162 ሊትር ይወጣዋል። ያ 62 ሊትር የሚሸጥ ውሃ ነበር። ይህን ጠርሙስ የሠራው ሰው ያንን ትቶታል። ዋጋው ከየት እንደመጣ አሁን ታያችሁ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሕጉ ወደ በርሜል ሲገባ ከ125 ፕሩፍ አይብለጥ ብሏል። የኤላይጃ ክሬግ ባሬል ፕሩፍን እንውሰድ፤ በ2023 መስከረም የወጣው 133 ፕሩፍ ነበር። ማን ጨመረበት? ማንም። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ደረቅ ሙቀት ከአልኮሉ ይልቅ ውሃውን አብልጦ ይወስዳል፤ የቀረው እየበረታ ይሄዳል። ስኮትላንድ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነች እዚያ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዓመት በቆየ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ፉከራ አይደለም። ያ በርሜል የትኛው ፎቅ ላይ፣ ስንት በጋ እንዳሳለፈ የሚናገር ቁጥር ነው። በየጊዜው ቁጥሩ የሚለያየውም ለዚህ ነው።

ያንኑ ጠርሙስ ያነሳሁት ደንበኞቻችሁ ስለሚጠይቋችሁ ነው። የሚያወጣው ሄቨን ሂል የተባለ ድርጅት ነው፤ ከ2013 ጀምሮ በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል። መለያው ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር አለ። ሲ923 ማለት የዓመቱ ሦስተኛ፣ በ9ኛው ወር፣ በ2023 የወጣ ማለት ነው። ለዓመታት 12 ዓመት የሚል ነበር፤ አሁን እንደየምርቱ ዕድሜው ይለያያል፤ ሲ923 ለምሳሌ 13 ዓመት ከ7 ወር ነው። ዕድሜው ሁልጊዜ የሚቆጠረው ከተቀላቀሉት በርሜሎች በትንሹ ነው። ስሙ የሰባኪ ስም ነው፤ ኤላይጃ ክሬግ ኬንታኪ የነበረ የባፕቲስት ሰባኪ ነው። በከሰለ በርሜል ያስቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የለውም። ለደንበኛ እንደ ታሪክ አትንገሩት።

ይህ ድርጅት ያለፈበትን ባልናገር አይቀናኝም። ኅዳር 7 ቀን 1996፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቴ ነው፣ እዚያው ባርድስታውን አንድ መጋዘኑ በእሳት ተያያዘ። ቀኑ ነፋሻ ነበር። እሳቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለለ፤ ሰባት መጋዘን ከ90,000 በላይ በርሜል ይዞ ነደደ፤ ማንጠሪያውም አብሮ ነደደ። የሚነድ ውስኪ ቁልቁለቱን እንደ ወንዝ ወረደ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን አመድ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተፎካካሪዎቻቸው የገዛ ማንጠሪያቸውን ከፈቱላቸው፤ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እዚያ አነጠሩ። ከገበያ ሊያስወጧቸው ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በ1999 ሉዊቪል ያለውን የበርንሃይም ማንጠሪያ ገዝተው ዛሬም እዚያ ይሠራሉ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ጎዳና ላይ ሱቅ ያለን ሰዎች፣ እርስ በርሳችን ዋጋ እየሰበርን የምንጎዳዳ ሰዎች፣ ይህን እንስማው እላለሁ።

ታዲያ ዓመት በጨመረ ቁጥር መጠጡ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም! አይደለም! ሻይ ቅጠሉ ብዙ ሲቆይበት ምን ይሆናል? ይመራል፣ ምላስ ያደርቃል። አዲስ የከሰለ በርሜልም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሲቆይ የሚወጣው እንጨት እንጨት የሚል ምሬት ነው። ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል። እየቀመሰ «ይሄ ይበቃዋል፣ ይሄ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ይሄ አይሆንም» የሚል ሰው። በፋሎ ትሬስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣውን ጆርጅ ቲ. ስታግ ታውቁታላችሁ፤ 15 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ውሃ ያልተጨመረበት፣ ሰው በየመኸሩ የሚሰለፍለት። በ2021 አልወጣም። ደረጃውን አልጠበቀም አሉና አስቀሩት። ያ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ይዞ ቆሞ! እኔ ያንን ጠርሙስ የማከብረው ከወጣባቸው ዓመታት ይልቅ ስለቀረበት ዓመት ነው።

ስለ ሽያጩ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ፤ ሆዴ ውስጥ ስላለ ነው። አንድ አከፋፋይ እነዚህን ጠርሙሶች ሁለት እንዲሰጠኝ በማይሸጥ ቮድካ ስንት ካርቶን አሸክሞኛል! ዕቃው ምድር ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። እናንተም አላችሁበት፤ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ያንን ኪሳራ ለማካካስ ዋጋውን ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የምንሰቅል አለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አሁን ትቻለሁ። ለአንድ ቀን ትርፍ ብለን የአሥር ዓመት ደንበኛ እያጣን ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ይህን ቡና ቤት የምትሠሩ ልጆች በደንብ ስሙኝ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ሰውዬ ለልደቱ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። «ያላችሁን ምርጥ በርበን» አለኝ። 130 ፕሩፍ የሚጠጋውን አወረድኩና እንደ ማንኛውም ውስኪ መለኪያውን ሞልቼ ሰጠሁት። ምንም አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ ገለበጠው። ፊቱ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ትንፋሽ አጠረው። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱም ላለመሸነፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ደገመ። እኔም ቀዳሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መቆም አቃተው። ታክሲ ጠርቼ፣ ጓደኞቹ ደግፈው ወሰዱት። ሌሊቱን ሙሉ ቢሞትስ እያልኩ አልተኛሁም። በማግስቱ ደህና መሆኑን ሰማሁ። ግን ያ ጥፋት የኔ ነበር፤ የኔ ነበር።

ሒሳቡን እንየው። አንድ መለኪያ 44 ሚሊ ሊትር ነው። 40 ከመቶ ውስኪ ሲሆን እንደ አንድ መጠጥ ይቆጠራል። 65 ከመቶ ሲሆን ግን በዚያው መለኪያ ውስጥ ያለው ከአንድ መጠጥ ተኩል ይበልጣል። ሦስት መለኪያ የጠጣ ሰው አምስት ጠጥቷል ማለት ነው፤ እሱ ግን ሦስት ነው የቆጠረው። መኪና ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ለደንበኛ ንገሩት። ትንሽ ቅዱለት። ሁልጊዜ ውሃ በማሰሮ አጠገቡ አስቀምጡለት።

«ውሃ ሳይጨመርበት የታሸገውን መጠጥ እኔ ለምን ውሃ እጨምርበታለሁ?» ይላችኋል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ይሄ ነው፦ ውሃውን ፋብሪካው ቢጨምረው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ እዚህ ግን ልኩን የሚወስነው ጠጪው ራሱ ነው። የገዛው ይህንን መብት ነው። በኃይለኛው አልኮል የተያዘ ሽታ ውሃ ሲነካው ይፈታል። በአንድ መለኪያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብትጨምሩ 65 የነበረው ወደ 48 ይወርዳል፤ አሁንም ብርቱ ነው፤ ግን ምላስ አያደነዝዝም። አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሃ ሲገባበት ደብዘዝ ይላል። ደንበኛ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልስባችሁ ይችላል። አልተበላሸም። ከመታሸጉ በፊት ቀዝቅዞ ስላልተጣራ ነው፤ ያ ጉም የመሰለው ከእህሉና ከእንጨቱ የመጣ ዘይትነት ያለው ነገር ነው።

አንዴ ወደ አገር ቤት ስሄድ ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ይህንንም ልብ በሉ፤ ከ70 ከመቶ፣ ማለት ከ140 ፕሩፍ በላይ የሆነ መጠጥ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። የኔው 62 ነበር፤ ሻንጣዬ ውስጥ በጋቢ ጠቅልዬ አደረስኩት። ደብረ ብርሃን፣ ቤቷ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ከፈትኩላት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓይኗ ደክሟል። አሸተተችው። ጣቷን ነከረችና፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ወደ እሳቱ ረጨችው። ቦግ አለ። ሳቀች። «ውሃ አልነካውም» አለች። ቀመሰችና ዝም አለች።

«ይሄ በምን ታጠነ?» አለችኝ።

«አልታጠነም እማዬ፣ በከሰለ እንጨት ውስጥ 12 ዓመት ተቀምጦ ነው» አልኳት።

«12 ዓመት?» ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ማንን ሲጠብቅ?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። ለጎረቤቶቿ ሁሉ በየትንሹ አዳረሰችው፤ በዚያው ምሽት አለቀ። ሱቄ ውስጥ ሳይከፈቱ ለዓመታት ተቆልፎባቸው የነበሩትን ጠርሙሶች ማውጣት የጀመርኩት ከዚያ ስመለስ ነው። ዛሬ ፊታችሁ የተቀዳው ከእነሱ አንዱ ነው።

እንግዲህ ብርጭቆውን አንሱ። በመጀመሪያ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከሩቅ አሽትቱ፤ አፍንጫችሁን አትንከሩበት፣ ያቃጥላችኋል። በጣም ትንሽ ቅመሱና ምላሳችሁ ላይ አንከባሉት። አሁን ማንኪያውን ያዙ። ግማሽ ማንኪያ ውሃ ጨምሩና እንደገና አሽትቱ። ኋላ ረድፍ ያላችሁ፣ ውሃው ያልደረሳችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ማሰሮው እየመጣ ነው።